ባለ ስምንት መስመሩ ሣጥን በየትኛው ገመድ ይያያዝ?

ከአንድ የአርትስ ፋኩልቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

ባለፈው ቅዳሜ የሙዚቃ ክበባችን በማኅበሩ አዳራሽ ስብሰባ አድርጎ ነበር። ያልመጣችሁ ጓደኞቼ ያመለጣችሁን ልንገራችሁ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ስለ አንድ ሶኬት ተከራክረን በመጨረሻው ሳንስማማ ሻይ ጠጥተን ተለያየን። ሶኬቱም የኢንጂኒየሪንግ ወንድሞቻችን በእጃቸው ሊሠሩልን የተነሡት ባለ ስምንት ማይክሮፎን ሣጥን ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝበት ነው። አንዱ ኢተርኔት ይሁን አለ፤ ሌላው የብርሃን ገመድ ይሁን አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ ፈጣኑ ተንደርቦልት ካልሆነ ምኑን ሠራነው አለ። እኔ እጄን አውጥቼ፣ «ተራው ዩኤስቢ ምን ነውር አለበት?» ብል ከኋላ አንዱ፣ «የአርትስ ተማሪ ስለ ሽቦ ምን ያውቃል?» አለና አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መኝታ ክፍሌ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ሣጥኑን የሚሠሩት እነርሱ ቢሆኑም፣ ተሸክሞ ገጠር የሚወርደው፣ በሰው ፊት ዘርግቶ ይሠራል አይሠራም እያለ በላብ የሚጠመቀው እኔና እኔን የመሰለው ነው።

አስቀድሜ ስምንት ማይክሮፎን ለምን እንዳስፈለገን ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ «ለመቅዳት ስልክስ አይበቃም ወይ?» ስትሉ ሰምቻለሁና። ባለፈው ዓመት ክረምት ሦስት ሆነን ከጎንደር ከተማ ወጣ ወዳለ አንድ ቀበሌ ሄደን ነበር። እዚያ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ነበሩ፤ እርሳቸው በማሲንቆ ሲያወርዱ ባለቤታቸው ይቀበላሉ፤ ልጃቸው ከበሮ ይመታል፤ አንድ የጎረቤት ልጅ ዋሽንት ይነፋል፤ የቀረው ጎረቤት ያጨበጭባል። ስምንቱን ማይክሮፎን በሐሳባችን ደልድለን ነበር የሄድነው። አንዱ ለሽማግሌው አፍ፣ አንዱ ለማሲንቋቸው፣ አንዱ ለባለቤታቸው፣ አንዱ ለከበሮው፣ አንዱ ለዋሽንቱ፣ አንዱ ለአጨብጫቢው፣ ሁለቱ ለቤቱ ድምፅ። እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ከተቀዳ በኋላ ቤት ገብተን የፈለግነውን ከፍ፣ ያልፈለግነውን ዝቅ እናደርጋለን ብለን ነው።

ይዘነው የሄድነው ሣጥን ከአንድ የክበቡ የቀድሞ አባል በስጦታ የተገኘ ነው። ስምንት መስመር ይቀበላል፤ ድምፁም እኔ እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ የጠራ ነው። መገናኛው ግን ፋየርዋየር ነው። ፋየርዋየር በ1995 ደረጃው የወጣለት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)፣ በሴኮንድ 400 ሚሊዮን ቢት የሚያስተላልፍ፣ በደጉ ዘመኑ የስቱዲዮ ሰዎች የመሰከሩለት ገመድ ነበር። ነገር ግን ዋና ጠበቃው የነበረው አፕል ኩባንያ ከ2012 ገደማ ጀምሮ ሶኬቱን ከአዳዲስ ላፕቶፖቹ ላይ እየነቀለ ሄደ፤ ሌሎቹም ቀድሞውንም አልወደዱትም ነበር። እኛ ሶኬቱ ያለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበረን። ከአውቶቡስ ወርደን ብንከፍተው አልበራ አለ። አዲሱ ላፕቶፕ አብሮን ነበር፤ ሶኬቱ ግን የለውም። ስምንት ማይክሮፎን፣ ስምንት ገመድ፣ አንድ ደኅና ሣጥን ይዘን ቁጭ አልን።

ሽማግሌው አላዘኑብንም፤ «እናንተ በምትችሉት ያዙት፣ እኔ በምችለው ልጫወት» አሉን። ባለ ሁለት መስመር ትንሽ መቅጃ ነበረችንና እርሷን ከምሰሶው ላይ አሥረን ቀዳን። ጥር ላይ ማረፋቸውን ሰማን።

የቀረን ያ ቅጂ ነው። የኮርስ ሥራዬ ግጥሞቻቸውን መጻፍ ስለ ነበረ ማዳመጫ አድርጌ ስንት ሌሊት ተቀመጥሁበት። እንደምታውቁት የአዝማሪ ግጥም ሰምና ወርቅ ነው፤ ወርቁም ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በአንዲት ፊደል መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው። በጽሑፍ ሁለቱ አንድ መልክ አላቸው፤ የሚለያቸው ጆሮ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ከበሮው ከተመታ ግን ኅብረ ቃሉ ሄደ፤ ጆሮም ቢሆን ምንም አያደርግ። ከወረቀቴ ላይ ስንት ቦታ ነጥብ ነጥብ አድርጌ አልፌያለሁ። ሄጄ እንዳልጠይቃቸው እርሳቸው የሉም። ባለቤታቸውን ጠይቄ ነበር፤ «እርሱ ሁልጊዜ ይለዋውጠው ነበር» አሉኝ።

እንግዲህ ስለ ሶኬት ስከራከር ስለዚህ ነገር እየተከራከርሁ መሆኔን እወቁልኝ።

አሁን ወደ ሽቦው። የምጽፈውን የተማርሁት በኢንጂኒየሪንግ ወዳጆቼ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ሒሳቡንም በካፌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ እየሠራሁ ነው። ማይክሮፎን የሚሰጠው ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ በማጉያ ከበረታ በኋላ ለዋጭ ወደሚባለው ቺፕ ይገባል። ለዋጩ ሞገዱን በሴኮንድ 48,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱን ልክ በ24 ቢት ይጽፋል። ስለዚህ አንድ ማይክሮፎን በሴኮንድ 1,152,000 ቢት ይወልዳል፤ ስምንቱ 9,216,000። ይህን ሁሉ በሣጥኑ ውስጥ ከቺፕ ወደ ቺፕ የሚያደርሰው አይ-ቱ-ኤስ የተባለው፣ ፊሊፕስ ኩባንያ በ1986 ያወጣው አሠራር ወይም ስምንት መስመር በአንድ ሽቦ በየተራ የሚያሳልፈው ዘመዱ ነው። በስብሰባው ላይ አንድ ወንድማችን «እርሱኑ በረጅም ገመድ ወደ ውጭ ለምን አናወጣውም?» ብሎ ነበር። ያ አሠራር ለጥቂት ሣንቲ ሜትር መንገድ የታሰበ ነው፤ በቦርድ ላይ ይኑር። ደግሞስ የትኛው ላፕቶፕ ነው የሚቀበለው?

ዩኤስቢ ብዬ እጄን ሳወጣ ከሳቁት መካከል አንዱ በኋላ መጥቶ፣ «እሺ፣ ዩኤስቢ ይሁን፤ በየቦታው የምትገኘዋ ትንሽ ቺፕ በሴኮንድ 12 ሚሊዮን ቢት ታስተላልፋለች፤ ዘጠኝ በዐሥራ ሁለት ውስጥ ይገባል፤ ርካሿን እንውሰድ» አለኝ። እኔም በመጀመሪያ እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ግን አይገባም። ለምን ቢባል ዩኤስቢ ዕቃውን የሚያመላልሰው በጉዞ በጉዞ ነው፤ በዝግተኛው ዩኤስቢ ጉዞው በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ነው። በአንድ ጉዞ ለአንድ የድምፅ መንገድ የሚፈቀደው ጭነት 1,023 ባይት ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። የእኛ ጭነት በአንድ ጉዞ ስንት ነው? ከየመስመሩ 48 ልክ፣ እያንዳንዱ ልክ 3 ባይት፣ መስመሩ ስምንት፤ 1,152 ባይት። አልተሳፈረም። ሰባት መስመር ቢሆን 1,008 ባይት ስለሚሆን ይገባል። እርሱም ቢሆን የሣጥኑ ሰዓት ጥቂት የቀደመ እንደ ሆነ አልፎ አልፎ በ48 ፈንታ 49 ልክ የሚመጣበት ጉዞ ስላለ፣ በዚያ ጊዜ 1,029 ይሆንና ሰባተኛው መንገደኛ አንድ እግሩ ውጭ ይቀራል። የታክሲ ረዳት ቢሆን «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ ያስገባው ነበር፤ ዩኤስቢ ግን ረዳት የለውም።

ልኩን ወደ 16 ቢት ዝቅ ብናደርገው 768 ባይት ስለሚሆን ስምንቱም በምቾት ይገባሉ። ይህን ያቀረበ ሰው አለ፤ ክፉ ሐሳብም አይደለም። ነገር ግን በገጠር ቤት ውስጥ ከበሮው መቼ እንደሚበረታ ስለማይታወቅ የምንቀዳው ድምፁን ዝቅ አድርገን ነው። 24 ቢት ሲሆን ዝቅ ተደርጎ የተቀዳው ዋሽንት በኋላ ከፍ ቢደረግ ንጹሕ ነው፤ በ16 ቢት ግን አብሮ የሚነሣ ሹክሹክታ አለ። የሽማግሌ ድምፅ የሚያንሾካሹክበትን ስፍራ ለማጣት ብዬ ይህን ሁሉ አልደክምም።

ስለዚህ የምለው ፈጣኑን ዩኤስቢ 2.0 ነው። በ2000 የወጣ ነው፤ ፍጥነቱ 480 ሚሊዮን ቢት ነው፤ ጉዞው በሴኮንድ 8,000 ጊዜ፣ በአንድ ጉዞ አንድ ጥቅል እስከ 1,024 ባይት ይይዛል። የእኛ ስምንት መስመር እያንዳንዱ ልክ በ4 ባይት ቦታ ተዝናንቶ ቢቀመጥ እንኳ በጉዞ 192 ባይት ነው። አውቶቡሱ ባዶውን ይሄዳል ማለት ይቻላል። ክበባችን አንድ ቀን በልጽጎ ሠላሳ ሁለት መስመር ቢያምረው እንኳ ይችለዋል።

ፍጥነቱ ግን ዋናው ምክንያቴ አይደለም። ዋናው ምክንያቴ ቋንቋው ነው። ዩኤስቢ ለድምፅ ዕቃዎች የጋራ ቋንቋ አለው፤ የመጀመሪያው በ1998፣ ሁለተኛው፣ ለእኛ የሚያስፈልገው፣ በ2006 የወጣ ነው። ሣጥናችን ያንን ቋንቋ ከተናገረ ኮምፒዩተሩ «የሠሪህን ድራይቨር አምጣ» አይለውም፤ እንደ አገሩ ሰው ያስገባዋል። አፕልና ሊኑክስ ሁለተኛውን ቋንቋ ከ2010 ገደማ ጀምሮ ያውቁታል። ማይክሮሶፍት ዘግይቶ እስከ 2017 ድረስ አስጠብቆናል፤ ከዚያ ወዲህ ግን የዊንዶውስ 10 እና የኋለኞቹ ውስጥ አለ። የጋራ ቋንቋ የሌለው ዕቃ ድራይቨር የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል። የእኛ ክበብ ኩባንያ አይደለም። ድራይቨሩን የሚጽፈው ጐበዝ ጓደኛችን በሰኔ ተመርቆ ይሄዳል፤ በመስከረም ኮምፒዩተሩ ራሱን ያድሳል፤ በጥቅምት ሣጥኑ ድንጋይ ይሆናል። ብዙዎቹ የፋየርዋየር ሣጥኖች የሞቱት በሶኬቱ መጥፋት ብቻ አይደለም፤ ሶኬቱን በካርድም በሌላም መላ ላገኘ ሰው እንኳ ድራይቨራቸውን የሚያድስ ሰው ጠፍቶ ነው።

በዚህ ረገድ ሐቁን ልናገር፤ ዊንዶውስ ላይ ብዙዎቹ የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራሞች ስታይንበርግ ኩባንያ በ1997 ያወጣውን አዚዮ የተባለ መንገድ ይመርጣሉ፤ የጋራው ቋንቋ ብቻውን ደግሞ ያንን አይሰጥም። ዘፋኙ በማዳመጫ የራሱን ድምፅ ከኮምፒዩተሩ ተመልሶ ሲሰማ መዘግየት የሚያውከው እንደ ሆነ ይህ ችግር ነው። እኛ ግን የምንቀዳቸው ሰዎች ማዳመጫ አድርገው አይዘፍኑም። ለሚፈልግም ከማጉያው ቀጥታ ወደ ማዳመጫ የሚሄድ ትንሽ ሽቦ በሣጥኑ ውስጥ ቢዘረጋ ጉዳዩ አለቀ።

ስለ ቺፑ ብዙ አልልም፤ እንዲህ ያለውን የሚያውቁት ወንድሞቻችን ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ልጠንቀቅ። በየቦታው የምትገኘው የመጀመሪያዋ ፒኮ፣ የተወደደች ብትሆንም፣ ያቺኑ የ12 ሚሊዮኗን ዩኤስቢ ነው ያላት። ቲንሲ 4 የተባለችው 480ውን ታውቃለች፤ ኤክስሞስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ቺፕ ደግሞ ለዚሁ ለብዙ መስመር ድምፅ ተብሎ የታወቀ ነው፤ መነሻ የሚሆነውን ፕሮግራምም ሠሪዎቹ ለሕዝብ አውጥተውታል። እኔ ብጠየቅ ሁለተኛውን እላለሁ፤ ዋጋው ግን የገንዘብ ያዣችንን ፊት ማየትን ይጠይቃል።

የኢተርኔቱን ወገን ከሁሉ ይልቅ አከብራለሁ። ያቀረበውም ወንድም በደንብ አስቦ ነው ያቀረበው። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ ዩኤስቢ ከ5 ሜትር በላይ አይታመንም። በየቤቱ የሚጣል ገመድ ነው፤ ከመርካቶ በሜትር ይገዛል። በ2006 የመጣው የአውስትራሊያው ዳንቴ ዛሬ በትልልቅ አዳራሾች የነገሠው በከንቱ አይደለም፤ ነፃ የሆነው ደረጃ፣ ኤኢኤስ 67 የሚባለው፣ ከ2013 ጀምሮ ታትሞ ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው ደግሞ ብዙ ሣጥን በአንድ ሰዓት እንዲሄድ ማድረጉ ነው።

ይህ የሰዓት ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ሣጥን «በሴኮንድ 48,000» የሚለውን የሚቈጥረው በራሱ ክሪስታል ነው፤ ክሪስታል ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰዓት ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ከሚሊዮን 50 የሚሳሳት ክሪስታል በአንድ ሰዓት ውስጥ 0.18 ሴኮንድ ይሳሳታል። ሁለት ሣጥን አንዱ ቢቀድም ሌላው ቢዘገይ ልዩነታቸው 0.36 ሴኮንድ ይደርሳል። ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ግራውና ቀኙ እያንዳንዱ በየልቡ ቢሄድ መቋሚያው ሁለት ጊዜ ይሰማል። በአንድ ሣጥን ግን ስምንቱም መስመር አንድ ሰዓት ስላላቸው ጣጣው የለም፤ በዩኤስቢም ሣጥኑ የራሱን ሰዓት ይዞ ኮምፒዩተሩ እንዲከተለው ማድረግ ይቻላል። ከለዋጩ አጠገብ ያለ ሰዓት ከሩቅ ከሚመጣ ሰዓት ይሻላል።

ታዲያ ኢተርኔቱን ለምን እምቢ አልሁ? ያንን የጋራ ሰዓት በኔትወርክ ላይ ማስያዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዳንቴ የሚሠራው ከባለቤቱ በሚገዛ ሞጁልና ፈቃድ ነው፤ ነፃው ደረጃ ደግሞ ወረቀቱ እንጂ ሥራው ነፃ አይደለም፤ በሊኑክስ ላይ ያለዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም ቢኖርም ለማስነሣት የኔትወርክ ሰው መሆን ይጠይቃል። ጨለማ ቤት ውስጥ፣ ሰዎች ተሰብስበው፣ ጠላ ተቀድቶ፣ ማሲንቆው እየተቃኘ፣ እኔ የአርትስ ተማሪው የኔትወርክ አድራሻ ስፈልግ ይታያችሁ። የአዲሱ ላፕቶፓችን ጎንስ የኢተርኔት ሶኬት መቼ አለው? የ100 ሜትሩን ጥቅም በተመለከተ መልሱ ቀላል ነው፤ ሣጥኑ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ የሚረዝመው የማይክሮፎኑ ገመድ ይሁን። ባለ ሦስት እግሩ የማይክሮፎን ገመድ ሠላሳ አርባ ሜትር ቢሄድ ድምፅ አይበላሽም።

ማኅበሩ ይህን አዳራሽ የሚመለከት ቋሚ ሥራ ካሰበ ግን፣ ለዚያ ኢተርኔት ይሁን ስባል የመጀመሪያው ደጋፊ እኔ ነኝ።

የብርሃን ገመዱ፣ ኤዳት የሚባለው፣ አሌሲስ ኩባንያ በ1991 ከቴፕ መቅጃው ጋር ያመጣው ነው። በአንድ ቀጭን የፕላስቲክ ክር ስምንት መስመር፣ 24 ቢት፣ 48,000፤ ልክ የእኛን ቁጥር አይተው የሠሩት ይመስላል። ብርሃን ስለ ሆነ የኤሌክትሪክ ማጉረምረም አያሳልፍም። ቴፑ ከሞተ ስንት ዘመን ሆነው፣ ክሩ ግን እስከ ዛሬ በአዳዲስ ዕቃዎች ላይ አለ፤ ይህን ያህል የቆየ ነገር ክብር ይገባዋል። ግን ላፕቶፕ በቀጥታ አይቀበለውም። ኤዳት የሚቀበል ሌላ ሣጥን መግዛት አለብን፤ እርሱስ ወደ ኮምፒዩተሩ በምን ይገባል? በዩኤስቢ። ስለዚህ ከቦርዱ ጥግ ላይ የኤዳት ባዶ ቦታ ይተውለት እላለሁ፤ ወጪው ጥቂት ነው፤ አንድ ቀን ስቱዲዮ ያለው ሰው ቢያበድረን በዚያ እንገባለን። ማዲ የሚባለውን፣ ስድሳ አራት መስመር የሚጭነውን፣ ያነሣ ሰው ነበር፤ ስድሳ አራት ማይክሮፎን ሲገዛልን እንነጋገራለን።

ተንደርቦልትን ያቀረበውን ወንድሜን አላስቀይምም፤ ፍጥነቱ እውነት ነው። ኢንቴልና አፕል በ2011 ያወጡት፣ የኮምፒዩተሩን የውስጥ መንገድ በገመድ ወደ ውጭ የሚያወጣ ድንቅ ነገር ነው። ለዘጠኝ ሚሊዮን ቢት ግን ምን ያደርጋል? ቺፑም ፈቃዱም በእጅ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ አይደለም። ዘመናዊ የተባለውን ሁሉ እንያዝ ማለት እኛ ተማሪዎች የምንወደው በሽታ ነው፤ ፋየርዋየርም በዘመኑ ዘመናዊ ነበር።

ስለ ስፒናው ቅርጽ ደግሞ ሌላ ጠብ ተነሥቶ ነበር። ብዙ ሰው ትንሿ ክብ ጠርዝ ያላት ሲ ካልሆነች ፈጣን አይደለም ይላል። ቅርጽና ፍጥነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በሲ ስፒና የሚሄድ ዝግተኛ ዩኤስቢ ሞልቷል። እኔ የምመርጠው በፕሪንተር ጀርባ የምናየውን አራት ማዕዘኑን ነው። ጠንካራ ነው፤ በእጅ ለመበየድ ይመቻል፤ ሰው ገመዱን ቢረግጠው ቦርዱን አይገነጥልም። ሲ ይሁን ከተባለም እሺ፤ ግን 5.1 ኪሎ ኦም የሆኑት ሁለት ሬዚስተሮች አይዘንጉ። እነርሱ ከሌሉ በሁለቱም ጫፍ ሲ የሆነ ገመድ ሲሰካ ኃይል አይመጣም፤ እኛም ገመዱ ተበላሸ እያልን ገመድ ስንገዛ እንከርማለን።

ኃይልን ካነሣን ዘንድ፣ የዩኤስቢ 2.0 ሶኬት የሚሰጠው 5 ቮልት፣ ግማሽ አምፒር፣ ማለት 2.5 ዋት ነው። ኃይል የሚፈልጉት ማይክሮፎኖች በ48 ቮልት እስከ 10 ሚሊ አምፒር ሊስቡ ይችላሉ፤ ስምንቱ አንድ ላይ 3.84 ዋት ይሆናል። ከሶኬቱ ብቻ አይወጣም። ስለዚህ ሣጥኑ የራሱ ባትሪ ይኑረው። መብራት በሚሄድበት አገር ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። ላፕቶፑም በሚቀዳበት ጊዜ ቻርጀሩ ይነቀል፤ በዩኤስቢው ሽቦ በኩል እየመጣ እንደ ንብ የሚያጉረመርመው ድምፅ ብዙውን ጊዜ መነሻው እርሱ ነው።

ሌላም ምክር አለኝ፤ ሰው ግን እስካሁን አልሰማኝም። ሣጥኑ የሚሠራው ከኮምፒዩተር ጋር ብቻ ነው ወይ? የማስታወሻ ካርድ ማስገቢያ ቢኖረውና እዚያው ላይ ጎን ለጎን ቢጽፍ፣ ላፕቶፕ ቢሞት ቅጂው አይሞትም። ስምንቱ መስመር በአንድ ሰዓት 4.15 ቢሊዮን ባይት ያህል ይሞላል፤ 32 ቢሊዮን የሚይዝ ካርድ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃል። እዚህ ላይ የተሰወረ ጉድጓድ አለ። ተራው የዌቭ ፋይል ከ4,294,967,295 ባይት በላይ መቁጠር አይችልም፤ በእኛ ልክ ይህ አንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ሽማግሌ ሲጫወት ስድሳ ሁለት ደቂቃ ሞላ ብሎ አያቆምም። ስለዚህ ፕሮግራሙ በየግማሽ ሰዓቱ አዲስ ፋይል እንዲከፍት ከመጀመሪያው ይጻፍ። ሥራው እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ በዚህ ዓመት ካልሆነ በሚቀጥለው ይሁን፤ ቦርዱ ላይ ቦታ ይያዝለት ብቻ።

አንዲት ነገር ደግሞ ከሁሉም ወገን ልለምን። የስጦታው ሣጥን ሲሰጠን ሥዕሉም ማስታወሻውም አልነበረም፤ ውስጡን ከፍተን ምን ከምን ጋር እንደ ተያያዘ ለማወቅ ስንት ቀን ፈጀብን። አዲሱ ሣጥን ሲሠራ እያንዳንዱ ሽቦና እያንዳንዱ የፕሮግራም መስመር ተጽፎ፣ አንዱ ቅጂ በክበቡ መዝገብ፣ አንዱ በዚህ መጽሔት ስቴንስል ተባዝቶ ይቀመጥ። እኔ ለመተየብ ፈቃደኛ ነኝ፤ ሥዕሉን ግን የሚያውቅ ሰው ይሣልልኝ።

የሽማግሌው ባለቤት ዛሬም አሉ። ግጥሙን ከእርሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም፤ ልጃቸውም ማሲንቆውን ጀምሯል ብለው ልከውብኛል። ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ሳይጨቀይ ብንሄድ ብለው ነው። የሚቀጥለው ስብሰባ ማክሰኞ በ11 ሰዓት ነው፤ ድምፅ እንሰጣለን። ሰባቱ የማይክሮፎን ገመዶች ከእኔ ዘንድ በደኅና አሉ፤ ስምንተኛውን ለታኅሣሥ ትርኢት የተበደረው የቴአትር ክበብ እስካሁን አልመለሰም፤ ያለበትን የሚያውቅ ቢነግረኝ።